ምልክቷን የሚናገር ይውሰዳት

ውድ ርብቃ፣

በቅሎዋ ሄደች። ይህን አንብበሽ እልል ከማለትሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ታገሺኝ፤ እኔ አንቺንና ሕግሽን ስታገሥ ነው የከረምኩት። ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ንፋስ መውጫ ድረስ ወጥቼ ሞክሬ ነበር፣ እዚያም አይሠራም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጎንደር ለሚሄደው ለአክስትሽ ልጅ ለሚካኤል እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ወደ እስራኤል የሚበር ሰው አያጣም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዚህ ነገር የስልኩ መጥፋት ሳይሻል አይቀርም። በስልክ ቢሆን ገና አፌን ከመክፈቴ «ቆይ ሐረግ፣ እዚህ ላይ ሕጉ እንዲህ ይላል» ትይኝ ነበር። ወረቀት ላይ ማቋረጥ አትችይም።

ከመነሻው ልንገርሽ፤ በየእሑዱ ስትደውዪ የሰማሽው ቁርጥራጩን ነው።

በጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ባሌ አዳነ ከአርብ ገበያ ሲመለስ አንዲት ዳማ በቅሎ ተከተለችው። ኮርቻ የላትም፤ የልጓሟ ጠፍር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። በድንጋይ አባረራት። ትንሽ ራቅ ብላ ቆመችና እንደገና ተከተለችው። ደጃችን ስትደርስ ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ ከበሬዎቹ ፊት ጭድ መብላት ጀመረች። አዳነ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺን እንግዲህ እግዜር ነው የላካት፤ በሚመጣው ገበያ እሸጣታለሁ» አለ።

ለአንቺ የነገርኩሽ እንድትስቂ ብዬ ነበር። አልሳቅሽም። «እንዳትሸጧት» አልሽ፣ ድምፅሽን እንደ መምህር ዝቅ አድርገሽ። ሴቶች ማታ ማታ ተሰብስባችሁ በምትማሩበት ቤት ረቢያችሁ የጠፋ ዕቃን ሕግ ጀምረውላችሁ ኖሮ የኔ በቅሎ ልክ በትምህርቱ መሃል ገባችልሽ። «የሰው ከብት ጠፍቶ እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። ደጅሽ ከገባች ባለቤቷ እስኪፈልጋት አንቺ ዘንድ ትቆያለች። ታስነግሪያለሽ። ስታስነግሪ ግን በቅሎ ተገኝታለች ብቻ በይ፣ መልኳንም ምልክቷንም እንዳትናገሪ። ምልክቷን የሚናገር ይውሰዳት» አልሽኝ። «እስከዚያ ከየት አምጥቼ ልቀልባት?» ብልሽ «ሠርታ ትብላ» አልሽ። ከዚያ ስልኩን ዘጋሽ። አንቺ ዘጋሽ፣ እኔ ከበቅሎዋ ጋር ቀረሁ።

ነገሩን ለመሪጌታ ኤፍሬም ወስጄ ነገርኳቸው። ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመረቁ፣ አሁን አርጅተው በኛ ደብር የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። እሳቸው «ይሄ የናንተ የሴቶች ጨዋታ ነው» ብለው እንዲገላግሉኝ ነበር ተስፋዬ። እስክጨርስ አዳመጡኝና «ልክ ብላለች። የኦሪት ሕግ ነው፤ እኛም የተማርነው ይህንኑ ነው። ጓደኛሽ ደህና መምህር ይዛለች» አሉኝ። እንግዲህ አንቺ ከወዲያ፣ እሳቸው ከወዲህ። በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ሳይበተኑ «በቅሎ ተገኝታለች፤ የጠፋችበት ምልክቷን ይዞ ይምጣ» ብለው አስነገሩ። ወሬው በገበያተኛ አፍ እስከ ስማዳና እስከ እስቴ ደረሰ።

ምልክቱን የምታውቀው እህቴ ብሩክታዊት ብቻ ነበረች። አንድ ሰው ብቻ ይወቀው ያልሽው አንቺ ነሽ። ብሩክታዊትን ሕፃን ሆና ነው የምታውቂያት፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከኋላችን እየሮጠች የምታለቅሰዋ። ስማዳ ተድራ እንደነበር ሰምተሻል። ያልሰማሽው አወጣጧን ነው። ባሏ ይስማው ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ አንድ ጠዋት ከቤት አስወጣት። በለበሰችው ነጠላ፣ በእግሯ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ብቻዋን መጣች። አባታችን ሲድሯት የሰጧት ቀይ ጊደር እዚያው ቀረች። አባታችን በሕይወት የሉም፣ ወንድም የለን። አዳነን ሂድና ጠይቅ ብለው «ለአንዲት ጊደር ብዬ ከሰው ጋር ደም አልቃባም» አለኝ። እሷም አንድ ቀን እንኳ ስለ ጊደሯ አንስታ አታውቅም። በቃ፣ የሞተ ሰው እንደሚተው ተወቻት።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ናት። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ አትናገርም። በቅሎዋ ከመጣች በኋላ ግን መናገር ጀመረች፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከበቅሎዋ ጋር። ወንዝ ወስዳ ታጥባታለች፣ እከኳን ትቀርፍላታለች፣ የጎረቤቱን እህል ጭና ወፍጮ ቤት አድርሳ ለድካሟ በሚሰጧት ገለባና ገብስ ትቀልባታለች። ምልክቱን ያገኘችውም ስታጥባት ነው። ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

ከዚያማ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ከእስቴ በኩል ነኝ ብሎ ጃንጥላውን ይዞ መጣ። መሪጌታ «ምልክቷን ተናገር» አሉት።

«ዳማ ናት።»

«እሱንማ በወንዙ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ሌላ?»

«አራቱም እግሯ ደህና ነው።»

«ሌላ?»

ሰውየው ትንሽ አሰበና «ጆሮዋ ረጅም ነው» አለ።

«ልጄ፣ ጆሮዋ አጭር የሆነ በቅሎ ካየህ እኔንም ጥራኝ» አሉት። ሰውየው ተቆጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «ሌቦች» ብሎን ሄደ። እኔ ናላዬ የዞረው ያን ቀን ነው። የሰው ከብት ብንሸጥ ሌባ፣ ለማንም አንሰጥም ብንል ሌባ።

በጥር የአዳነ ጓደኛ ልጁን ሲድር አዳነ በቅሎዋን ጭኖ መሄድ ፈለገ። በጎረቤታችን በማሩ ቤት ስልክ አስደውሎ ራሱ ጠየቀሽ። «ለቀለቧ ካልሆነ ለክብርህ አትጋለብም» አልሽው። በእግሩ ሄደ። ሲመለስ ሰንበት እስኪያልፍ አላናገረኝም፤ እኔ የከለከልኩት ይመስል። አንቺ ቴል አቪቭ ቁጭ ብለሽ ትፈርጃለሽ፣ ፊቱን የሚያጠቁርብኝ ግን ባሌ ነው።

ግንቦት ሲገባ ጭዱ አለቀ። ዝናብ ዘገየ። የራሳችን በሬዎች ጎድናቸው መቆጠር ጀመረ፣ ለእርሻ ደግሞ እነሱ ናቸው የሚያስፈልጉን። ያኔ ነው ያለቀስኩብሽ። አንቺም መጨረሻ ላይ ራራሽና «ቀለቧ ካቃታችሁ በምስክር ፊት ሽጣችሁ ዋጋውን ለባለቤቱ አስቀምጡለት፤ ይቻላል» አልሽ። አዳነ ይህን ሲሰማ ገመድ መግመድ ጀመረ። ብሩክታዊት በቅሎዋን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች። ስልኩ የተቋረጠው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቂውም።

በእሑዱ መሪጌታ ኤፍሬም ለሽያጩ ምስክር ሊሆኑ ቤታችን መጥተው ቁጭ ብለዋል። ደጅ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ወጣሁ። ይስማው ነው። ከስቷል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ምን ጠፍቶብህ መጣህ?» አልኩት።

«በቅሎ» አለ።

ርብቃ፣ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። በቅሎዋን የገዛው እህቴን ካስወጣ በኋላ ስለሆነ ብሩክታዊት አታውቃትም ነበር። በጋውን ሙሉ ስታጥባት፣ ስታካት፣ ስታጫውታት የከረመችው የይስማውን በቅሎ ነው።

ቁጭ በል አላልኩትም። መሪጌታ ወጥተው ቆሙ፣ አዳነም ገመዱን እንደያዘ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ብሩክታዊት ከወንዝ በቅሎዋን እየሳበች ደረሰች። አየችው። አልተደናገጠችም፣ ሰላምታም አልሰጠችውም። በቅሎዋ ግን ጆሮዋን አቅንታ አየችው።

«ምልክቷን ተናገር» አሉት መሪጌታ።

ይስማው መሬት መሬት እያየ «ከጋማዋ ሥር፣ በግራ በኩል፣ የተተኮሰ ጠባሳ አለ። የአውራ ጣት ያህል ነው። አንገቷ አብጦ አሟት አስተኩሼላት ነው። እስኪሻላት ድረስ ከአጠገቧ አልራቅኩም» አለ።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እህቴ እዚያ ቤት በትኩሳት ስትቃጠል ውሃ ያስቀዳት ሰው ነው። እሷ ምን ጠባሳ እንዳላት ቢጠየቅ አንዱንም አያውቅም፤ የበቅሎዋን በአውራ ጣት ለክቶ ያውቃል።

ሁላችንም ወደ ብሩክታዊት ዞርን። ምልክቱ በእሷ ቃል ብቻ ይጽና ብለው መሪጌታ አስቀድመው ስለወሰኑ የበቅሎዋን ጋማ ለመግለጥ የደፈረ የለም፤ የእህቴን ዓይን ብቻ ነው የምናየው። እኔ በዓይኔ «የለም በይ» አልኳት። አዎ፣ ብያታለሁ፤ ደግሞም አልጸጸትም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። የለም ብትል ይስማው እንደ ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ተዋርዶ ይሄድ ነበር፣ እሷም የምታናግራት አንዲት ፍጥረት ትቀርላት ነበር።

ብሩክታዊት በእጇ ያለውን ገመድ ጠቀለለች። ከዚያ «ልክ ነው» አለች። «የሱ ናት።»

መታገሥ አቃተኝ። «የእህቴ ጊደርስ? እሷስ የማን ደጅ ነው ያለችው? ጊደሯን ሳያመጣ በቅሎ አይወስድም» አልኩ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። «ሐረገ ወይን፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ያንን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሽማግሌ እንጠይቃለን። የሰው የጠፋ ከብት ግን መያዣ አይደረግም።»

እርግጠኛ ነኝ አንቺም ይህንኑ ነበር የምትይኝ። ስለዚህ ተይው።

«እዚህ እንዳለች መቼ ሰማህ?» አልኩት ይስማውን።

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «በዐቢይ ጾም።»

«በዐቢይ ጾም! ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«የማን ቤት እንደሆነ ስሰማ እግሬ እምቢ አለኝ» አለ።

ሰማሽ ርብቃ? ከጾም ጀምሮ እስከ ግንቦት በሬዎቼ የተራቡት የይስማው እግር እምቢ ስላለ ነው። አፍሮ እቤቱ ተቀመጠ፣ እኔ ሀፍረቱን ገብስ ስቀልብለት ከረምኩ።

ገመዱን ተቀብሎ ሳበ። በቅሎዋ አልተነቃነቀችም። እንደገና ሳበ። አራት እግሯን ተክላ ቆመች። አዳነ ከኋላ ገፋት፤ ለጥቂት ሳትረግጠው ቀረች። ይስማው ላቡን እየጠረገ ብሩክታዊትን ሳያያት «እስከ ዳገቱ ብታደርሺልኝ» አለ። እንዴት ብሎ አፉን እንደከፈተ አላውቅም። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፋችና ገመዱን ያዘች። አዳነ ብቻዋን አትሄድም ብሎ ምርኩዙን አንስቶ ተከተላቸው። በዳገቱ ላይ ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ አልተመለሱም። ለካ ገመዱን ለይስማው በሰጠችው ቁጥር በቅሎዋ እየቆመች እስከ ስማዳ፣ እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ አድርሳለታለች።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ከድስቱም ከዶሮውም ስጣላ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልቁለቱ ላይ አየኋቸው። አዳነ ከፊት፣ ብሩክታዊት ከኋላ፣ መሃል ላይ አንዲት ቀይ ላም፣ ከኋላዋ አንድ ወይፈንና ገና የሚጠባ ጥጃ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ አዳነ ነው፤ እሷ «አመጣኋት» ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላለችም።

ደጁ ሲደርሱ የይስማው እናት እማማ ካሣነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። እኔ እኚህን ሴትዮ ስንት ዓመት ሙሉ ስረግማቸው ኖሬያለሁ። ብሩክታዊትን አዩአትና «መጣሽ?» አሉ።

«በቅሎ ላደርስ ነው» አለቻቸው።

«በቅሎዋን ተያትና ላምሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ብሩክታዊት አልገባትም። እጇን ይዘው ወደ ጋጣው ወሰዷት። ያቺ ጊደር ላም ሆናለች። «ይስማውን የእኔ ናት ብዬ ነው ያቆየኋት» አሏት። «ያንቺ ናት ብለው ኖሮ ያኔውኑ ሸጦ ያቺን በቅሎ ይገዛባት ነበር። ወተቷን ጠጥቻለሁ፤ ለጠበቅኩበት ነው። የወለደቻቸው ግን ያንቺ ናቸው።»

«ምነው ሳይልኩብኝ?»

«በማን እጅ ልላክ? ጉልበቴ እንደሆነ አይወጣም አይወርድም። ትመጫለሽ ብዬ ነው የጠበቅኩ። ሰው ላሙን እንዲህ ይተዋል?»

«እኔ የለችም ብዬ ትቻት ነበር» አለች እህቴ።

«አንቺ ትተሻት ይሆናል። እኔ ግን የሰው ከብት መያዜን ረስቼ አላውቅም» አሏት።

እኔ ይህን ስሰማ መደሰት ነበረብኝ፤ እንዲያውም ተናደድኩ። አሁን ማንን ልርገም? ደግሞስ፣ እኔን ከቅዳሴ በኋላ አስነግሪ ያለ ሕግ እማማ ካሣነሽን አንድ ገበያተኛ ጠርተው «ላሟ እኔ ጋ ናት» ብለው እንዲልኩ አያዝም? ይህን ረቢያችሁን ጠይቂልኝ። ስላረጁ አይፈረድባቸውም እንዳይሉሽ። እኔ ዕድሜዬን በንዴት የጨረስኩት ለዚህ ነው?

እዚያው አደሩ። ጠዋት ከብቶቹን ነድተው ሊወጡ ሲሉ ይስማው ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አዳነ እንደሚለው ሌሊቱን ሲያስበው ያደረ ይመስላል። «ብሩክታዊት፣ ተመለሺ እንግዲህ። በቅሎዋም ለመደችሽ፣ እናቴም ትወድሻለች። ሁሉም የየራሱን አገኘ» አላት።

እሷም ላሟን እያየች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለችው፦ «እኔ አልጠፋሁብህም ይስማው። አስወጥተኸኝ ነው የወጣሁት።»

እሱ ሌላ ነገር ሊናገር ሲል እናቱ «ሰምተሃል» አሉት። ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ብሩክታዊት ሌላ ሰው ሆናለች። ከክረምቱ በኋላ አርብ ገበያ ቤት ተከራይታ ወተትና ቅቤ ልሸጥ ትላለች። ወይፈኑን ለአዳነ ለእርሻ ሰጥታዋለች፤ አዳነም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕግ ዐዋቂ ሆኖ ለመንደሩ ሁሉ «የሰው ዕቃ አይነካም» እያለ ይመክራል። ጥርሴን ነክሼ እሰማዋለሁ። ጭዱ እንደሆነ አሁንም የለም፤ አፍ ደግሞ ጨመረ። ግን ትናንት እህቴ ላሟን ስታልብ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋን በዜማ ሰምቼው አላውቅም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ሚካኤል ሊቀበለኝ መጣ። እስክጨርስ ቁጭ በል ብዬው «ርብቃ እንዴት ናት?» አልኩት፣ እንዲያው ለወጉ። «አዲሱን ቤት ለምዳዋለች» አለኝ። «የምን አዲስ ቤት?» ስለው ደነገጠ። ከባልሽ ከተለያየሽ ዓመት ሊሞላሽ እንደሆነ፣ ልጆቹ አንድ ሳምንት ካንቺ አንድ ሳምንት ከእሱ እንደሚሆኑ፣ እነሱ በሌሉበት ሳምንት ቤቱ ጭር ሲልብሽ ማታ ማታ ወደ ትምህርቱ መሄድ እንደጀመርሽ ከሚካኤል ሰማሁ። ከሚካኤል!

ይህን ሁሉ እሑድ እየደወልሽ ስለ በቅሎ ገለባ ስናወራ አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ደህና ነሽ ስልሽ «ልጓሟን ቀየራችሁላት?» ትይኛለሽ። ያን ያህል ጊዜ በስልክ ስጮህብሽ፣ ሕግሽ ይብቃኝ ስልሽ፣ ለካ አንቺ ጭር ያለ ቤት ውስጥ ብቻሽን ተቀምጠሽ ነው የምታዳምጪኝ። በአንቺ ላይ እንደዛሬ ተናድጄ አላውቅም፤ በቅሎዋም ይስማውም እንዲህ አላናደዱኝም።

በሚመጣው እሑድ ንፋስ መውጫ እወጣለሁ። ስልኩ ካልሠራ በሚቀጥለውም እወጣለሁ፤ እስኪሠራ ድረስ። ሲሠራ እኔ ነኝ የምደውለው። ስለ ሕግ አንድ ቃል አልሰማም። ምን በልተሽ እንደዋልሽ፣ ልጆቹ በሌሉበት ሳምንት እንዴት እንደምትሆኚ፣ ሲመሽ በር የሚያንኳኳልሽ ሰው እንዳለ ትነግሪኛለሽ። ማልቀስ ካለብሽም ታለቅሻለሽ። እኔ እስክትጨርሺ እሰማለሁ፤ የመልስ መኪናው ካመለጠኝም ብሩክታዊት ከብቶቹን ታስገባለች።

እስከዚያ ድረስ እግዜር ይጠብቅሽ።

ክፉኛ የተቀየመችሽ
ሐረገ ወይን